አሮጌዋ ሰባት ቁጥር

ውድ እማዬ፣

በሩን ሳንኳኳ «የለሁም» አልሽኝ። የሌለ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚመልሰው? ደግሜ ሳንኳኳ ደግሞ ጭራሽ ዝም አልሽ። እንግዲህ አንቺ ካልከፈትሽ፣ እኔም ካልሄድኩ፣ ያለው መላ መጻፍ ነው ብዬ ወንድምሽ ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱም የሱ ነው፤ በጀርባው የአንድ ደንበኛ የትከሻና የወገብ ልክ ተጽፎበታል፣ እሱን ተይው። በኔና ባንቺ መሀል ያለው ይሄ አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ስትስይ እሰማሻለሁ። ወንድምሽ ሳለቅስ እንዳትሰሚ ብሎ መሰለኝ፣ ክር ያልገባበትን የስፌት መኪና ዝም ብሎ ይረግጣል። አላለቀስኩም። ተናድጃለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰባት ቁጥር የጎልፍ ብረትሽን መልሼልሻለሁ። «ወረወረችልኝ» ብለሽ ከመቆጣትሽ በፊት በሞቴ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ጊዜ የለንም። የውድድሩ ሁለተኛ ዙር ነገ ጠዋት ነው፤ ብረት ሰብሳቢውም በዚህ መንገድ የሚያልፈው ነገ ጠዋት ነው። የቀሩትን ብረቶችሽን በገመድ አስረሽ ኮሪደሩ ላይ እንዳወጣሻቸው አይቻለሁ። «ለብረት ሰብሳቢው ስጥልኝ፣ ከእንግዲህ ሜዳ አልረግጥም» ብለሽዋል ወንድምሽን። ሜዳ የማትረግጪ ከሆነ እኔን ማን ሊሰድበኝ ነው?

የተጣላንበትን ቀን አንቺ ባንቺ በኩል፣ እኔ በኔ በኩል ነው የምናስታውሰው። የኔን ልንገርሽ። ሠልጣኞችሽ ልምምድ ሜዳው ላይ ተሰልፈዋል፤ እኔ አዲሶቹን ብረቶች ይዤ መጣሁ፣ ገና ፋብሪካ ፋብሪካ ይሸታሉ። ሰባት ቁጥሩን አውጥቼ መታሁ። ኳሷ ያንቺ ሰባት አድርሳት የማታውቅ ቦታ ሄዳ ወደቀች። ሠልጣኞቹ «ኧረ!» አሉ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ወዲያው ዞሬ ፊትሽን አየሁ። አንቺ ኳሷን አላየሻትም። መጥተሽ ብረቱን ከእጄ ወሰድሽና ካንቺዋ ሰባት ጋር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን አስተኛሻቸው።

«አያችሁ?» አልሽ፣ ለነሱ እንጂ ለኔ አይደለም። «ፊቱን እዩት። የኛዋ ወደ ኋላ ጋደል ትላለች፣ ይሄ ቀጥ ብሏል። ቁጥሩ ሲያንስ ፊቱ ቀጥ ይላል፣ ኳሷም ትርቃለች፤ ይሄ የኛ አምስት ነው። አምስቱን ሰባት ብለው ጽፈው ነው የሸጡላት። ልጄ ቁጥር ነው የገዛችው።»

ሳቁ። ከጆሮዬ እስከ አንገቴ ነደድኩ።

አንቺ ግን መች በቃሽ! «ደግሞ ከኋላው ባዶ ነው፤ መሀሉን ስተሽ ብትመቺውም ምንም አይልሽም። የሚዋሽልሽ ብረት ምን ያደርግልሻል?» አልሽ።

«ስህተቴን የሚሸፍንልኝ አንድ ዘመድ እንኳ ይኑረኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ብረቱ ይምረኛል። አንቺ አንድ ቀን ምረሽኝ አታውቂም!»

ፎጣሽን አጣጥፈሽ ትከሻሽ ላይ ጣልሽ። ስሠራ ውዬ ቤት ስገባ አልጋሽ ተነጥፏል፣ ሻንጣሽ የለም። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በወንድምሽ አፍ ነው። «በልታለች ወይ በላት» ትይዋለሽ፤ «በልታለች በላት» እለዋለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኛ ምላጩን ከነማሸጊያው ነው የዋጥነው።

አሁን የሚስቅብኝ ሠልጣኝ ስለሌለ እውነቱን ልንገርሽ። ስለ ቁጥሩ ትክክል ነበርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ያንቺ ሰባት ኳሷን የምታሳርፍበትን ያንን የዛፍ ጉቶ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ እሱ ጋ እስካደርስ ምሳ ከልክለሽኛል። አዲሶቹን አንድ በአንድ መታሁ። ሰባቱ ጉቶውን አልፎ ሄደ። ስምንቱም አለፈ። ጉቶው አጠገብ ያረፈው ዘጠኙ ነው። አንቺ ሰባት የምትያት እኔ ዘጠኝ የምለው ነው። እዚያው ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ሳቄ ቶሎ ጠፋ።

አንቺም ግን ያላወቅሽው ነገር አለ። የግራ እጄን አንጓ ያመኛል። ያንቺ ብረቶች መሀላቸውን ስስት እስከ ክርኔ ያነዝሩኛል። «ይንዘርሽ፣ እንድትማሪ» ትይ ነበር፤ ተምሬአለሁም። ካመመኝ ወዲህ ግን ትምህርቱ ቀርቶ ሕመሙ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ሐኪሙ ወይ ጨዋታውን ተይ፣ ወይ ብረቱን ቀይሪ አለኝ። ብረቱን ቀየርኩ። ብነግርሽ «የኔ ብረቶች ናቸው ልጄን የጎዷት» ብለሽ ራስሽን ስትበይ ትኖሪያለሽ። ከዚያ ይልቅ ቁጥር ገዛች ብትይኝ ይሻለኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አየሽ፣ አንዳንዴ እኔም አስብልሻለሁ።

አሮጌዎቹን ጠልቻቸው አላውቅም። ሰባቷ ፊት ላይ መሀል ለመሀል ሳንቲም የምታህል የተላጠች ቦታ አለች። ግማሹን አንቺ ነሽ የላጥሻት፣ ግማሹን እኔ። ኳሷ እዚያች ቦታ ላይ ካረፈች ብረቱ እጅ ውስጥ ያለ አይመስልም። ትንሽ ዳር ካገኘሽ ግን ወዲያው ትናገራለች፤ ልክ እንዳንቺ አፏ ላይ ያደረ ነገር የለም። አዲሶቹ መሀላቸውንም ብትመቺ ዳራቸውንም ብትመቺ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለሁሉም ሰው እኩል እንደሚስቅ ጎረቤት። ጥሩ ጎረቤት ናቸው፣ አላማቸውም። ሚስጥር ግን አልነግራቸውም።

ወደ ዛሬው ልምጣ። ቡድኑ ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ከኔና ከተፎካካሪዬ ከፋርማሲስቷ፣ የሁለቱ ቀን ምቷ ተደምሮ ያነሰው ናት የምትገባው። ባለፈው በአንድ ምት አመለጠኝ፣ ካቻምናም እንዲሁ። ባንቺ ጊዜ ደግሞ ቡድኑ ሴት አይወስድም ነበር፤ አንቺ አጥሩ ጋ ቆመሽ ያስተማርሻቸው ወንዶች ሲሄዱ እጅሽን ታወዛውዢ ነበር። ይሄ ቦታ ለኔ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንድም ቀን ግን ተነጋግረነው አናውቅም።

ከቤት ከመውጣቴ በፊት ዱላዎቼን ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። ሜዳው ስደርስ ቦርሳዬን ከዕቃ ክፍሉ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና ፑተሬን ብቻ ይዤ፣ ኳስ ወደ ጉድጓድ ማንከባለል ልለማመድ ሄድኩ። ቦርሳውን የሚሸከምልኝ ወንድምሽ እንዲጠብቀው ተስማምተን ነበር። እሱ ሆዬ ውሃ ልሙላ ብሎ ሄዷል። ተመልሼ ፑተሬን ከተትኩ፣ መነሻው ላይ ቆምኩ። ሁለተኛ አልቆጠርኩም።

እናቷ «እትዬ አሥራ አራት» የምትባል ሴት ልጅ ደግማ ሳትቆጥር ገባች! ያ ስም በከንቱ አልወጣልሽም፤ ማንም መነሻው ላይ ሲቆም «አሥራ አራት! ቁጠር!» ሳትይ አላሳለፍሽም። ከአሥራ አራት በላይ የያዘ በያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ምት፣ ሲበዛ አራት ምት እንደሚቀጣ ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ወንድምሽ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቦርሳ ትናንት እንዲህ ይከብድ ነበር?» አለኝ።

«አርጅተህ ነው» አልኩት።

«ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ፤ ቢሆንም በአንድ ሌሊት አይደለም።»

እስከዚያ ብረቶቹን አልነካኋቸውም ነበር፤ ሁለቱን ጉድጓዶች በረጅሞቹና በፑተሩ ነው የጨረስኩት። እጄን ልኬ ወፍራሞቹን የብረት ጭንቅላቶች ስዳስስ መሀላቸው አንዲት ቀጭን ነካሁ። ሳላያት አወቅኋት። ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርጋት፣ ወንድምሽ በሰም በተቀባ ክር የጠቀለላት እጀታ ወጣች።

«ጉድ ፈላ» አለ ወንድምሽ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጨዋታውን ባያውቅም እኔ ስንቴ ቆጥሬ እንደምወጣ ያያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንም አላየም እኮ። ኮቴ ውስጥ ልሸጉጣት? እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ልወርውራት?» አለኝ።

«የደንበኛ ቁራጭ ጨርቅ መሸሸግ መሰለህ?»

«እሷ ናት እኮ የከተተችው» አለ። «እህቴ ናት። ልታበላሽብሽ ፈልጋ ይሆን እንዴ?»

እማዬ፣ ልንገርሽና ይውጣልኝ። በዚያች ደቂቃ አምኛለሁ። ሠልጣኝ ሰብስባ ያሳቀችብኝ ሴት ዛሬ ደግሞ በአዲሶቹ ብረቶች እንዳላሸንፍ አሮጌዋን መሀላቸው ወሽቃ ሄደች ብያለሁ። ቦርሳውን ይዤ ቆምኩ። ወንድምሽ ደግሞ የኮቱን ቁልፍ ከፍቶ ይጠብቃል።

እጄን አንስቼ ዳኛውን ጠራሁ።

ዳኛው መጥተው ዱላዎቹን አንድ በአንድ ሣር ላይ ዘረጉ። አሥራ አምስት። «ይሄኛው የማን ነው?» አሉ። ፋርማሲስቷ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄማ የእትዬ አሥራ አራት ሰባት ቁጥር ነው። ይሄን እጀታ የማያውቅ አለ?» አለች። ክፉ አይደለችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ከኋላ የቆሙት ተመልካቾች ማንሾካሾክ ጀመሩ። ስምሽ ካፍ ወደ አፍ ሲዞር ሰማሁ።

«የኔ ነው» አልኩ። «እናቴ ሰጥታኝ ነው። ሳልቆጥር የገባሁት እኔ ነኝ።»

ለምን እንዳልኩት አልጠየቅሁም ራሴን። እየጠላሁሽ ነበር፤ ግን አንቺን መጥላት የኔ ፋንታ እንጂ የነሱ አይደለም። አንዱ ከኋላ «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» አለ፤ ሳቁ። ይሳቁ። በኔ ነው የሳቁት።

ዳኛው አራት ምት ጻፉ። ሰባቷን ገልብጬ፣ እጀታዋን ወደ ላይ አድርጌ ከተትኳት፤ ከጨዋታ ውጪ ናት ማለት ነው፣ ብትነኪያት ከውድድሩ ትባረሪያለሽ። ቀና ስል አጥሩ ጋ ግራጫ ጃንጥላሽን አየሁት። እስከዚያ ድረስ መምጣትሽን አላወቅሁም ነበር። ጃንጥላው ታጠፈ። በዚያ ፀሐይ ጃንጥላሽን አጥፈሽ ራስሽን ይዘሽ ስትሮጪ አየሁሽ። አንቺን ስትሮጪ ያየሁሽ ያኔ ነው የመጀመሪያዬ። ጥፋቷን አውቃ ነው የምትሸሸው አልኩ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ንዴት ነው የተጫወትኩት፤ ንዴቱም ይሁን አዲሶቹ ብረቶች፣ ጥሩ ነበር የምጫወተው። አሥራ አምስተኛውን ስጨርስ ከአራቱ የቅጣት ምት ሁለቱን አስመልሼ ነበር።

አሥራ ስድስተኛው ላይ ኳሴ ዛፎቹ ሥር ገባች። ቦታውን ታውቂዋለሽ፤ ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለዋል፣ ፊት ለፊት አሸዋው አለ። ኳሷ ከቅርንጫፎቹ በታች ሄዳ፣ ከአሸዋው በላይ ማለፍ አለባት። ለዚያ የተፈጠረችው ሰባቷ ናት። አንቺ በሷ ኳስ በወንበር ሥር አሳልፈሽ አሳይተሽኛል። እጀታዋ ከቦርሳው ብቅ ብሎ ፊቴ ላይ ተገትሯል። የሰሙ ክር ጠርዙ ላይ ትንሽ ተፈትቷል። ልነካት አልችልም። ወንድምሽ ሳይቀር ወደሷ ሲያይ አየሁትና «እንዳታስበው» አልኩት።

ዘጠኙን አወጣሁ። ርቀቱ ያው ነው፣ ብያለሁ። ግን አዲሱ ብረት ኳስ ወደ ላይ ማንሳት ነው የሚወደው፤ ዝቅ በል ብትይው አይሰማም። እጄን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ፣ አጭር አድርጌ መታሁ። ኳሷ ተነሳች። ቅርንጫፉን መታችው፣ አሸዋው ውስጥ ዱብ አለች። ከዚያ ለመውጣት ያወጣሁትን ምት አትጠይቂኝ። ወይ ነዶ! ቀኑ ሲያልቅ ፋርማሲስቷ በሦስት ምት ትቀድመኛለች።

ጫማዬን ስቀይር የዕቃ ክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ መጣች። እንኳን ደስ ያለሽ ትበለኝ ወይስ አይዞሽ አላወቀችም። «ዛሬማ እናትሽ ጸልየውልሻል» አለችኝ።

«የት አይተሻቸው?»

«ጠዋት ነዋ። ወለሉን ስወለውል። ቦርሳሽ ጋ ቆመው እጃቸውን ብረቶቹ ላይ አንድ በአንድ እያሳረፉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጨረሱና ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ኋላም ፊታቸው በራ፣ ከጃንጥላቸው ውስጥ አንድ ነገር አወጡ። ሰው እንዳያያቸው የፈለጉ ስለመሰለኝ ዞር አልኩላቸው።»

አንቺ ብረት ላይ ስትጸልዪ አይቼሽ አላውቅም። ስትቆጥሪ ነው የማውቅሽ።

አንድ ጫማ አድርጌ፣ አንድ እግሬን በካልሲ ይዤ ተነሳሁ። ቦርሳውን እዚያው ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት። ሰባቷን አወጣኋት። ፑተሩንም አውጥቼ በእጄ ያዝኩት፣ ጠዋት እንደያዝኩት። አንቺ የቆምሽበት ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት።

እኔ ፑተሩን ይዤ ነበር፣ እማዬ። አንቺ አሥራ ሦስት አገኘሽ። ደግመሽ ቆጠርሽ፣ አሁንም አሥራ ሦስት። አንድ ቦታ ባዶ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ በወንድምሽ አፍ ብቻ ስናወራ ከርመን፣ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ስታገኚ፣ ልጄ ቦታ ትታልኛለች አልሽ። ለዚያ ነው ፊትሽ የበራው። ሰባቷንስ ከቤት ይዘሽ የመጣሽው ምን ተስፋ አድርገሽ ነው? ዝም ብለሽ፣ ቢሆን ባይሆን ብለሽ ነዋ፣ ጃንጥላ ውስጥ ደብቀሽ።

አልተውኩልሽም ነበር። ይሄንን መጻፍ ከአራቱ ምት በላይ ከበደኝ፤ ግን እንዳልዋሽሽ አድርገሽ ነው ያሳደግሽኝ። ባዶ ቦታ አልነበረም። አስቤሽም አልነበረም፤ ስቆጥር ያሰብኩት ስለ አዲሶቹ ብረቶች ብቻ ነው።

እዚህ ስደርስ ወንድምሽን «ስትገባ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀድሞኝ ነው የደረሰው። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ አልጋው ላይ ተቀምጣ ‹ፑተሩ፣ ፑተሩ› እያለች ግንባሯን ትመታለች። የሰው ስም መስሎኝ ማነው እሱ ብላት ውጣ ብላ በሩን ዘጋችብኝ» አለኝ። እሱም ተናዶብሻል፤ ያልሠራሽውን ነገር ጠርጥሬባታለሁ ብሎ ደግሞ በራሱ ላይ ተናዷል። አሁን መኪናውን መርገጥ ትቶ እያየኝ ነው።

ስሚኝ። የሰውን ሁሉ ዱላ ስትቆጥሪ የኖርሽ ሴት፣ በሕይወትሽ አንዴ ፑተር ረስተሽ ብትቆጥሪ ያው የኔን ቦርሳ ስትቆጥሪ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደደብ ነው የምለው። ያንቺን ግን ወድጄዋለሁ። አራት ምት ከፍዬበታለሁ፤ ስለዚህ የኔ ነው፣ መልሰሽ አትወስጂብኝም። ግንባርሽን መምታት አቁሚ።

ለብረት ሰብሳቢው ያሰርሽውን ደግሞ ወንድምሽ ቁራጭ ጨርቅ ከምሮበታል። «ቢመጣ መቀሴን እሰጠዋለሁ እንጂ እነሱን አልሰጠውም» ብሏል። መቀሱን ለማንም እንደማያስነካ ታውቂያለሽ።

ነገ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ። ወንድምሽ ካየኝ ካየኝ በኋላ «እኔ ከዚህ ጨዋታ የማውቀው መሸከሙን ነው፤ ግን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባላል» አለ። ተነስቼ ዘጠኙን ከቦርሳዬ አወጣሁትና መደርደሪያው ላይ፣ መቀሱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሌሎቹ አዲሶች ይቆያሉ፤ አንጓዬ ያለነሱ አሥራ ስምንት ጉድጓድ አይችልም፣ ይሄንን ዋጪልኝ። ዘጠኙ የቆመበት ግን ያንቺ ሰባት ቦታ ነው፤ ጉቶው ምስክሬ ነው። በአዘኔታ አይደለም ያወጣሁት። እነዚያ ዛፎች ነገም እዚያው ናቸው፣ እኔም ከሦስት ምት ኋላ ነኝ፣ ዝቅ ብላ የምትሄድ ኳስ ያስፈልገኛል። መሀሏን ካገኘኋት አታመኝም፤ መሀሏን እንዴት እንደማገኛት ደግሞ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ።

ሰባቷን ራሴ መያዝ እችል ነበር። አልይዛትም። ባንቺ እጅ ካልገባች አትገባም። ካልመጣሽ ዘጠኙን አልመልሰውም፤ በጎደለ እጫወታለሁ፣ አንሶ መያዝ አያስቀጣም። ዛፎቹ ሥር ከገባሁም እንዳገባቤ እወጣለሁ። እልኸኛ ናት ትያለሽ፤ ከማን ወረስኩት?

አንድ ቀን ምረሽኝ አታውቂም ብዬሻለሁ። እሱን ነገር የምናወራው በሩ ሲከፈት ነው፤ በበር ሥር የሚያልፍ ይቅርታ ቀጭን ነው፣ ላንቺም አይመጥን።

ነገ ጠዋት ቦርሳዬ እዚያው ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ እኔም ፑተሬን ይዤ ልምምድ ላይ እሆናለሁ። ሰው አየኝ አላየኝ አትበይ፣ ቀጥ ብለሽ ነይ። ስትቆጥሪ አሥራ ሁለት ታገኚያለሽ፤ እንዳትደነግጪ። አሥራ ሦስተኛው ፑተሩ ነው፣ በእጄ ነው። አሥራ አራተኛውን ቦታ ዛሬ ትቼልሻለሁ፣ አሁን እውነቴን ነው።

ወረቀቱ አለቀ። ሰባቷን በሩ ላይ አስደግፌያታለሁ፤ ስትከፍቺ እግርሽ ላይ እንዳትወድቅ።

ልጅሽ